የረቡዕ አባቴ

እኔ ጠፈርተኛ ለመሆን ደፋ ቀና በምልበት ዘመን ለቅሶ የሚደርሰው ወኪል ነበር። ድንኳን ይጣላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ በየወንበሩ ላይ መዳፍ የምታህል መስታወት ትቀመጣለች። ከመስታወቷ ውስጥ የባለቤቷ ፊት ይታያል፤ በባለቤቷ ድምፅ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፣ ሟቹን በስሙ እየጠራ ያለቅሳል። ባለቤቱ ራሱ ሥራ ላይ ነው፣ ወይም ተኝቷል። ሲመሽ ወኪሉ «ዛሬ እነ እገሌ ቤት ለቅሶ ደርሰሃል፤ በደንብ አልቅሰሃል» ብሎ ይነግረዋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ወኪል ግን አንጀትም ሳይኖረው እንባ አጥሮት አያውቅም።

ሰዉ ለምዶታል። ወኪል ስልክ ያነሳል፣ ሰርግ ይታደማል፣ እድር ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣል፣ ባለቤቱ ከተኮራረፈው ጎረቤት ጋር ታርቆ ይመጣል። የተከለከለው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አይመርቅም፣ አይምልም፣ መርዶ አያረዳም። ይህን ያስወሰኑት ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ናቸው፤ ሕግ አውጪዎቹም «እነዚህ ሰዎች በዚህች እንኳን ደስ ይበላቸው» ብለው ዝም አሉ ይባላል። ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ ወኪሉ በሕግ ይዘጋል። ለዚህም አመልካች አያስፈልግም። አንድ ወኪል ድንኳን ውስጥ ገብቶ ያየውን ሌሎቹ ሁሉ ወዲያው ያውቁታል፤ እነሱ ካወቁ አገር አወቀ ማለት ነው።

አባቴ ይህን ነገር በዓይኑ ማየት አይፈልግም ነበር። ለቅሶ የሚደርሰው በገዛ እግሩ ነው። ከመስታወቶቹ መካከል ብቻውን ይቀመጥና «እናንተ ወሬኞች፣ ዝም በሉ! ሟቹን እኮ አታውቁትም» ብሎ ይቆጣል።

ደግፌ ሐብቴ ይባላል። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ሄዶ «የሙሴ ደግፌ ቤት የቱ ነው?» ላለ ሰው ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያሳየዋል። ሙሴ ማለት ጥንት ፈረንሳዮቹ ባቡሩን ያስተዳድሩ በነበረበት ጊዜ ለአለቃ የሚሰጥ ስም ነበር። ፈረንሳዮቹ ከሄዱ ዘመን ቢቆጠርም በእኛ ከተማ ባቡር ቤት ያረጀ ሰው ሁሉ ሙሴ ነው። አባቴ የባቡር ፍሬን ይጠግን ነበር። ከምሳ በኋላ፣ ድሬ በሙሉ በሯን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሰሌን አንጥፎ ከእኔና ከታላቅ እህቴ ከርብቃ ጋር ይጋደማል። እናታችን ገና በልጅነታችን ስላረፈች መሐል የሚተኛው እሱ ነው። ባቡር ሲያልፍ ዓይኑን ሳይገልጥ «ይሄ ባዶውን ነው» ይላል፣ ወይም «ይሄ ጨው ጭኗል»። ከዚያ ያንኮራፋል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሌን የተመቸኝ አልጋ የለም፤ ዛሬም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ስሜን ጠርቶ የሚቀሰቅሰኝ ሰው ያለ ይመስለኛል።

የኤሮስፔስ ምህንድስና ተማርኩ፤ ተመርቄም የመንኮራኩር ማቀዝቀዣ እሠራ ጀመር። ሌሎች የሚሳፈሩበትን እየሠራሁ ጥቂት ዓመት ከቆየሁ በኋላ፣ ሌላ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ስጠርግ መኖር መረረኝና ለጠፈርተኝነት አመለከትኩ። መጀመሪያ የጣለኝ እንቅልፍ ነው። ከምሳ በኋላ መቆጣጠሪያው ፊት አስቀምጠው ሲፈትኑኝ ጭንቅላቴ ሰሌዳው ላይ ተደፋ። «በሽታ አለብሽ?» አሉኝ። «የድሬ ልጅ ነኝ» አልኳቸው፤ አልገባቸውም። በሁለተኛው ፈተና ሰው በሚያሽከረክረው ማሽን ውስጥ የበላሁትን ሁሉ መለስኩት። በሦስተኛው ያለፍኩት ጎበዝ ሆኜ አይደለም። ወደ ማርስ የምትሄደውን መንኮራኩር ማቀዝቀዣ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ መንገድ ላይ ቢበላሽ የሚጠግን ሰው ሲፈልጉ ከእኔ የተሻለ አላገኙም።

ለአባቴ ነገርኩት።

«ሦስት ዓመት?» አለ።

«ሦስት ዓመት ያህል።»

«መሐል ላይ ጣቢያ የለውም?»

«የለውም፣ አባባ።»

«አቦ፣ ምን ዓይነት መንገድ ነው? ሻይ እንኳን የት ወርደሽ ልትጠጪ ነው?» አለና ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ። እያለቀሰ እንደሆነ አውቄያለሁ። ማታ ግን መጋላ ገበያ ወርዶ ላገኘው ሰው ሁሉ ሲያወራ አመሸ።

ያን ያህል ርቀት ላይ ከቤት ሰው ጋር መጫወት አይቻልም። «እንዴት አደርክ?» ተብሎ «እግዜር ይመስገን» እስኪመለስ ምሳ ይበላል። ዝም ብለው የላኳቸው የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች በብቸኝነት ታመው ነበር የተመለሱት። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠፈርተኛ የአንድ ዘመዱን ወኪል ይዞ እንዲሄድ ታዘዘ። እኔ አባቴን መረጥኩ። እሱም «እኔ መስታወት ውስጥ አልገባም» ብሎ አስቸገረ። በመጨረሻ ርብቃ ለምና ለምና አስገባችው፤ ከጠፈር ማዕከሉ በመጣው መሣሪያ ፊት ለብዙ ሳምንት ተቀምጦ ሕይወቱን ተረከ። አንድ ውል ግን አስገባኝ። ምድር ላይ እስካለሁ ድረስ ወኪሉ ለልምምድ በየረቡዑ ያናግረኛል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አባቴ ራሱ ይደውላል።

ስለዚህ በሥልጠናው ዘመን ሁለት አባት ነበረኝ። የረቡዑ አባቴ ጨዋ ነው፣ ያዳምጣል፣ ጤናዬን ይጠይቃል። የቅዳሜው ገና ፊቴን ሲያይ ይጀምራል።

«ያ ሌባ ሮብ ዕለት ምን አለሽ?»

«ደህና ነው። ሰላም ብሎሃል።»

«ምን አባቱ ሰላም ይለኛል! ምን አወራሽ ነው የምልሽ።»

«ስለ ጋሽ ሰመድ ፍየል አጫወተኝ።»

«የቷን ፍየል?»

«ሱሪውን የበላችበትን።»

«እሷን እኮ ለቅዳሜ ብዬ አስቀምጫት ነበር!» አለና ጭኑን መታ። «አየሽ አይደል? የኔኑ ወሬ እየሰረቀ ነው የሚወደድብኝ። አቦ፣ ሮብ ሮብ ጆሮሽን ያዢ። አትስሚው።»

ጋሽ ሰመድ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነው፤ ግድግዳ ይዋሰናሉ፣ አንድ ባቡር ቤት ነው ያረጁት። እሱም ከጎኑ ሆኖ «ወላሂ ይቀናል! በራሱ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እያለ ይስቅበታል። ሥልጠናው እንዴት እንዳለቀ ብትጠይቁኝ ብዙውን ረስቼዋለሁ። ቅዳሜዎቹን ግን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ።

የመነሻችን ጊዜ እየቀረበ ሲመጣ መንኮራኩሯ ወደምትነሳበት ወደ ማሊንዲ ባሕር ዳርቻ ወሰዱንና ከሰው ለይተው አስቀመጡን። እዚያ በገባሁ በሁለተኛው ቅዳሜ አባቴ ደወለ። ፊቱ ደህና ነው። ስለ ሙቀቱ ነገረኝ፣ ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነገረኝ፣ ጤናዬን ጠየቀኝ። ስለ ረቡዕ አልጠየቀኝም። ጠበቅሁ፤ አሁንም አልጠየቀኝም።

«አባባ፣ ሮብ ዕለት እኮ ደውሎ ነበር» አልኩት።

«ማን?»

«ሌባው።»

ፈገግ አለ። «ጎሽ፣ ጎሽ። ደህና አጫወተሽ?» አለኝ።

አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ደክሞት ይሆናል አልኩ። አሞት ይሆናል አልኩ። ቀጣዩን ቅዳሜ ጠበቅሁ፤ ያም ቅዳሜ እንደ ረቡዕ ሆነ፤ የደወለው ያው ጨዋው ወኪል መሰለኝ።

አሁን ስለ ሐዘን ደንብ ልንገራችሁ። የቅርብ ዘመድ የሞተበት ተጓዥ ሞቱን ከሰማበት ቀን ጀምሮ ዓመት ሙሉ ከምድር አይነሳም፤ ቦታውን ተጠባባቂው ይወስዳል። ልቡ የተሰበረ ሰው መሣሪያ ይሳሳታል ብለው ነው፣ ልክ ናቸውም። እኔ ዓመት ከቀረሁ ደግሞ ማርስ ትርቃለች፣ ሌላው ጉዞ እስኪደርስ ዕድሜዬ ያልፋል። አንድ ጊዜ ከቀረሁ ቀረሁ ማለት ነው። ደንቡን የጻፉት የሌላ አገር ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ዘመዱ በዚያው ሰዓት ይሰማል። እኛ ዘንድ ግን መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ ድረስ ሆድ ይፍጀው ይባላል።

ርብቃን ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኋትም። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የሚቀሰቅሰኝ እንዳይመጣ በሬን ዘግቼ ተኛሁ።

ከመነሳታችን በፊት ቤተሰብ ለስንብት ይመጣል። በሽታ እንዳይጋባብን ክፍሉ ለሁለት በመስታወት የተከፈለ ነው። ርብቃና ጋሽ ሰመድ ገቡ። ርብቃ ቢጫ ድሪያ ቀሚስ ለብሳ ነበር፣ ዓይኗን ተኩላለች። እህቴ ኩል የምትኳለው ለሰርግ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ግን አብዝታ ተኩላ፣ አብዝታ ትስቃለች። ጋሽ ሰመድ ወደ እኔ አያይም፤ በመስኮቱ ባሕሩን ያያል።

«አባባስ?» አልኩ።

«ጉልበቱ ነዋ! አውሮፕላን አልወጣም አለ፤ ታውቂው የለም እንዴ?» አለች ርብቃ። «ደህና ነው አቦ። ምርቃቱን ግን ልኮልሻል። በአፍሽ አድርሺልኝ ብሎኛል።»

 ነገ ቅዳሜ ነው፤ አባቴ በሕይወት ቢኖር ደውሎ በገዛ አፉ ይመርቀኝ ነበር። እስኪበቃኝ ይመርቀኝ ነበር። ምርቃቱን በሰው አፍ የሚልክ ራሱ መደወል የማይችል ሰው ነው፤ ወኪሉ ደግሞ አይመርቅለትም። የቀረችኝ ጥርጣሬ ያን ጊዜ አለቀች። ጋሽ ሰመድ ለምርቃቱ እጆቹን ዘረጋ፤ እኔም መስታወቱ ሥር ተንበረከክሁ።

ርብቃ መረቀችኝ። ድምፅዋ የሷ ነው፣ ቃሉ ግን የሱ ነው። «መንገድሽ ቀና ይሁን። ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽ ይከተል። ፍሬንሽ አይክዳሽ። የሄድሽበት አገር ሰው ባይኖርበትም እግዜር አለበትና እሱ ይቀበልሽ። በወጣሽበት እግር ግቢ። እንትፍ፣ እንትፍ።»

እውነቷን ነው እንትፍ ያለችው። መስታወቱ መካከላችን እንዳለ ረስታዋለች። የምራቋ ፍንጣቂ ከፊቴ ትይዩ ቀረ። ጥግ የቆመው ተቆጣጣሪ ደንግጦ ጨርቅ ይዞ ብቅ ሲል ጋሽ ሰመድ በዓይኑ አስቆመው። ግንባሬን በእኔ በኩል እዚያችው ቦታ ላይ አስደገፍሁ።

«አሜን» አልኩ።

ርብቃ ወደ መስታወቱ ቀረበች። «ማሂ» አለች፣ «አንድ ነገር...» አለችና ቆመች። ኩሉ መውረድ ጀምሯል። አንድ ቃል ነው የቀራት። ከነገረችኝ እቀራለሁ፤ ተነስቼ ልብሴን ቀይሬ፣ አብሬያት ሄጄ አባቴን አለቅሳለሁ። ካልነገረችኝ እሄዳለሁ። ሁለቱንም ፈልጌያለሁ። ሁለቱንም እኩል እንደፈለግሁ ብናገር ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ መሄዱን አብልጬ ነው የፈለግሁት፣ አባቴም ያንን ያውቅ ነበር።

«ርብቄ» አልኳት። «የሚነገረኝ ነገር ካለ፣ ስመለስ ትነግሩኛላችሁ።»

አየችኝ። እንዳወቅሁ አወቀች። በመዳፏ ፊቷን ጠረገችና «እሺ» አለች። «ስትመለሺ እንነግርሻለን።»

«አላህ ያቆየን» አለ ጋሽ ሰመድ፣ አሁንም ወደ ባሕሩ እያየ።

ስለ ጉዞው ጋዜጦች ጽፈዋል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። ማቀዝቀዣው ሁለቴ ተበላሽቶ ሁለቴም ጠግኜዋለሁ። ማርስ ከተነገረላት ያነሰች ናት። ረቡዕ ረቡዕ ወደ ጠባቧ ክፍል እገባና አባቴ ፊት እቀመጣለሁ። እንዳያፍር እጠነቀቅለት ነበር። ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ አልጠይቀውም። የፍየሏን ወሬ ደጋግሞ ሲነግረኝ እንደ አዲስ እስቃለሁ። አንዳንዴም እሱ ፊት ሰሌን አንጥፌ ብተኛ ብዬ እመኛለሁ፤ እዚያ ደግሞ መሬትም የለ፣ ሰሌንም የለ፣ ከሰዓት በኋላም የለ። ቅዳሜ ሲሆን ማንም አያናግረኝም። ጓደኞቼ ቅዳሜ ለምን እንደምኮማተር ጠይቀውኛል፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳቸው። አላለቀስሁም። መርዶ ያልተረዳ ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል? እንባዬ ሰው እስኪጠራው ድረስ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ተመልሰን ምድር ላይ ስናርፍ መራመድ ረስቼ ነበር። ለሳምንታት እንደ ሕፃን እግር ካስተማሩኝ በኋላ በባቡር ወደ ድሬ ላኩኝ። ርብቃ ጣቢያው ላይ ተቀበለችኝ፤ ፀጉሯ ግማሹ ሸብቷል። ወደ ቤታችን ግን አልወሰደችኝም። «ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው፤ ዛሬ ጋሽ ሰመድ ጋ ነው የምታድሪው» አለች። እሺ አልኩ። መርዶ የሚጠብቀው ሰው ቤቱ እንደማይገባ ማን ያጣዋል። ስለ አባባ አልጠየቅሁም፣ እሷም አላነሳችም። እራት በላን፣ ስለ ማርስ ጠየቁኝ፣ ተኛሁ።

ከመተኛቴ በፊት ነገ ምን እንደምሆን አስቤያለሁ። ዜናው ለእኔ አሮጌ ነው፤ ለሽማግሌዎቹ ክብር ያህል ትንሽ አለቅሳለሁ፣ ሥርዓቱን እፈጽማለሁ፣ ያልቃል።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሰዎች ገቡ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ በምርኩዝ የሚራመዱ የባቡር ቤት ሽማግሌዎች፣ የሳቢያን ጎረቤቶች፣ ቄሱ፣ ከመስጊዱ ሼኩ። ክፍሉ ሞላ፣ በረንዳው ሞላ። መስታወት የላከ አንድ ሰው የለም። ሁሉም በአካል ነው የመጡት፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል፣ ላባቸው ይሸተኛል። ጋሽ ሰመድ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና እጄን ያዘ።

«ማኅደር ልጄ» አለ። «ሁላችንም ሂያጆች ነን። አባትሽ ቀድሞናል። በዚህ በእጄ ነው አፈር ያለበስኩት።»

«ትንሽ አለቅሳለሁ» ያለችው ሴትዮ ወዴት እንደሄደች አላውቅም። የወጣው ድምፅ የኔ አልመሰለኝም። ወለሉ ላይ ወደቅሁ፤ የአባቴን ስም ጠራሁ፣ ሙሴ ደግፌ እያልኩ ጠራሁት፣ ቅዳሜ እያልኩ ጠራሁት። ያን ጊዜ ርብቃ በላዬ ላይ ወደቀች። ደረቷን እየመታች፣ ገና አሁን እንደሰማች ሁሉ ጮኸች። ከኋላዋ ቤቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ተንሰቀሰቁ። ጋሽ ሰመድ ያን ትልቅ ሰውነቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ «ወዳጄን! ወዳጄን!» ይላል።

ቀኑ ሲገፋ ድንኳን መጣል ጀመሩ። እኔም ትንሽ ተንፈስ ስል ነገሩ ግራ ገባኝ። ከሞተ ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነው ሰው እንዲህ አይለቀስም። ርብቃን ወደ ጥግ ሳብኳት።

«ያኔ ድንኳን አልጣላችሁም ነበር እንዴ?»

«እንዴት አድርገን?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። «ድንኳን ከተጣለ ወኪል ይመጣል። ወኪል ካየ የሮቡ አባባ ይዘጋል፤ ማዕከሉ ይሰማል፤ አንቺም ትቀሪያለሽ። ራሱ ነው ሲያጣጥር ያስማለን፤ ከሰማይ ስትመለስ አብራችሁ ታለቅሱልኛላችሁ አለ። ጎህ ሲቀድ ቀበርነውና ሁላችንም ወደየሥራችን ሄድን፤ ቅዳሜም ወኪሉ እንዲደውልልሽ አደረግን። ሰፈሩ ቤት ለቤት ተማማለ። አንድ ሰው ድምፁን አላሰማም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ኩል እየተኳልሁ ሥራ እገባ ነበር።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት አላለቀስሽም?»

«ማሂ» አለች እህቴ፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ እየጎተተች። «በቃ አሁን ጥያቄሽን ተዪኝ። ላልቅስበት።»